ጠና የዘፈነላቸው ልጆች

ባሌ ጠና ደክሞታል። እንድታዝኑለት ብዬ አይደለም፤ እኔም ደክሞኛል። ሰው እሱን ሲያይ የሚታየው ዘፋኙ ነው። ቤት ገብቶ ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት የምሰማው እኔ ነኝ።

በስልሳ ዘጠኝ ሱማሌ ሲገባ ከአገራችን ከሆመቾና ከዙሪያዋ ወጣቱን ሚሊሺያ ብለው ሰበሰቡት። እኔና ጠና ገና መጋባታችን ነበር፤ የእንሰቱን ተክል እንኳ ተክሎ አልጨረሰም። ያገሩ ልጆች አንድ ላይ ስለተመደቡ ኦጋዴን በረሃ ውስጥ በሀዲይኛ የሚዘፍኑት አንድ ዘፈን ነበራቸው። ጠና ያወጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ወደ አማርኛ ሲመለስ ይሳሳል እንጂ እንዲህ ይላል፦

የእንሰቱ ጥላ፣ የደጁ ለምለም ሣር፣
ደህና ሁኚ አገሬ፣ ቀረሁ ከጠረፍ ዳር።

ጠና ጉልበቱን ተመትቶ መጣ። ተቀባዮቹ አልመጡም። እሱ ተመልሶ እነሱ መቅረታቸውን እንደ ስርቆት ነው የሚቆጥረው፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ መሰላችሁ። አንተ ምን አደረግክ፣ ጥይቱን አንተ አልተኮስክም እላለሁ።

እኛ ዘንድ ለጀግና ሲለቀስ ስሙ ከነአባቱ፣ ከነአገሩ ይጠራል። በሕይወት ያለ ሰው በዚያ ዘፈን አይጠራም፤ ሟርት ነው። እንግዲህ መንግሥት ለእናቶቹ ወረቀት አልላከ፣ ሬሳ አልመጣ። እናት ደግሞ ሳታለቅስ እስከመቼ ትቀመጣለች? ሽማግሌዎቹ መከሩና ጠናን ለቅሶ ላይ አቆሙት። ያንኑ የበረሃ ዘፈን ይጀምርና አንድ በአንድ ስም ይጠራል። የልጇን ስም የሰማች እናት ያን ጊዜ መሬት ትወድቃለች። መርዶው እሱ ነው፤ ሌላ መርዶ የለም።

እኔ አማኝ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ዘፈን የዓለም ነው፣ ይተው ብለው እኔን ነበር የሚጨቀጭቁኝ። ኋላ ደርግ ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋውና የሚከለክለውም አብሮ ተከለከለ። ከሆሳዕና ደግሞ የኪነት ሰዎች መጡ። ዘፈኑ ጥሩ ነው፣ የሟቾቹን ስም አውጣና አብዮቱን አስገባበት አሉት። ጠና ጉልበቴን ያመኛል አላቸው። ጉልበት ምን አገናኘው ሲሉት፣ እኔ በጉልበቴ ነው የምዘፍነው ብሎ ተገላገላቸው።

ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣብን። ቤታችንን አፍርሰን ከኮረብታው ወርደን መንገድ ዳር በመስመር ሥሩ ተባልን። ሠራን። ምን ይደረጋል? እንሰታችን እዚያው ቀረ፣ የአባቶቻችን መቃብር እዚያው ቀረ። ከአዲሱ ደጃችን ቆመን ቀና ስንል ቦታው ይታየናል፤ ግን ማንም የለበት፣ ጭስ አይወጣበት። ከዚያ ወዲያ ጠና «የእንሰቱ ጥላ» ብሎ ሲያወጣ ሰዉ ለሟቾቹ ይሁን ለገዛ ቤቱ እንደሚያለቅስ አይታወቅም ነበር። እኔም አልቅሻለሁ፤ ለእንሰቴ ነው ያለቀስኩት።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ ተባለና ወንዳፈረው መጣ።

ወንዳፈረው ጠና ከዘፈነላቸው አንዱ ነው። ታንክ የመጣባቸው ቀን የጠፋ ልጅ ነው፤ ያገኘው ስላልነበር ሞቷል ተባለ፣ ተለቀሰለት፣ በሬ ታረደለት። ለካስ ተማርኮ ይህን ሁሉ ዘመን ሱማሌ እስር ቤት ኖሯል። ሲመለስ ሰተት ብሎ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ድሮው ቤቱ ወጣ። ቤት የለ፣ ሰው የለ። አገሩ ሁሉ አለቀ እንዴ ብሎ እዚያው ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ እንጨት ለቃሚዎች አግኝተው ወደ እኛ አወረዱት። እናቱ ስታየው ዐቅሏን ሳተች። እልልታው፣ ለቅሶው፣ ሁሉም ተደባለቀ። በዚያ መሐል አንዱ ዞር ብሎ ጠናን፣ አንተ አልነበርክ እንዴ የዘፈንክለት አለው። ጠና ወንዳፈረውን አቅፎ ነበር። ለቀቀውና ቤቱ ገባ።

ከማግሥቱ ጀምሮ እናቶቹ ይመጡብን ጀመር። በአንዱ ከተሳሳተ በኔስ ልጅ ለምን አይሳሳትም ብለው ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? ከል የለበሱት ከላቸውን አውልቀው መጡ። ጠና ለአንዷም ሳይዋሽ በዓይኔ አላየሁም አላቸው፤ እውነቱን ነው፣ ሲወድቁ አላየም። በደስታ እየመረቁት ሄዱ። እሱ ግን እህል አስጠላው።

በዓይኑ ያየው አንድ ልጅ ነው፤ ኤሊያስ፣ የጵርስቅላ ልጅ። በእጁ የቀበረው እሱን ነው። ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ።

የእድራችን ዳኛ ተረፈ ይህን ባያውቅም ጵርስቅላ ልትመጣብን መሆኑን ሰምቶ ቀድሟት ቤታችን መጣ። እስረኞቹ የገቡት ድሬዳዋ ነው ብላ ልጇን ልትፈልግ ስንቅ ቋጥራለች፣ እግሯ ያበጠ አሮጊት፣ አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍ፣ መንገድ ላይ ትቀራለች አለን። ግን ደግሞ ለሷም እንደ ሌሎቹ አላየሁም በላት፣ ተስፋ ሰው አይገድልም አለው። ሁለቱን ነገር እንዴት እንደሚያስታርቀው እግዜር ይወቅ። እኔም ብሆን ጠናን፣ ምን አለበት፣ አላየሁም በላት አልኩት። ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው።

ጵርስቅላ በጠዋት መጣች። ቆጮና ቅቤ በኮባ ጠቅልላ፣ በነጠላ ቋጥራ ጀርባዋ ላይ አዝላዋለች። ልቀመጥ አላለችም። ሌሎቹን ያልካቸውን ሰምቻለሁ አለችው። እኔም ልሄድ ነው፣ መኪናው አዲሎ ነው የሚገኘው፣ እስከዚያ በእግሬ እደርሳለሁ፤ ሳልሄድ ግን ካንተ አፍ ልስማ ብዬ ነው አለች።

«ልጄን አይተኸዋል?» አለችው።

ጠና እኔን አየኝ። እኔ ምን ልበለው? ዓይኔን ሰበርኩ።

«አይቼዋለሁ፣ እናቴ» አላት። «በእጄ ቀብሬዋለሁ። አትሂጂ።»

ትጮሃለች ብዬ ልደግፋት ተነሣሁ። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እግሯን ዘረጋች፤ ያበጠውን እግሯን በእጇ ታሸው ጀመር። እያሸች ተሠቃይቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልተሠቃየም አላት። ጠርቶኝ ነበር ወይ አለች። አዎ፣ በሀዲይኛ ጠርቶሻል አላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

«ስትቀብረው ፊቱን ወዴት አዞርከው?» አለችው።

«ወደ ሆመቾ» አላት ጠና። «ወደ አገሩ ነው ያዞርኩት።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ግን የማውቀው ዓይነት ለቅሶ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሸክሙን አውርዶ እንደሚተነፍሰው ነው። ጎሽ ልጄ አለችው፣ ተባረክ አለችው፣ ጉልበቱን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ቋጠሮዋን ፈታች። ይኼን ከዚህ ወዲያ ለማን እሸከመዋለሁ፣ እናንተ ብሉት ብላ ቆጮውን ከነቅቤው ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችና ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። መንገድ ድረስ ሸኘኋት። ወደ አዲሎ አልዞረችም፤ ወደ ቤቷ ነው የሄደችው።

ስመለስ ጠና እንደተቀመጠ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ተናግሮ፣ ሴትዮዋም ተጽናንታ። በተለይ ያ የመጨረሻው ነገር ውስጤን አርሶታል። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ፊቱን ወደ አገሩ ማዞርህን እንዴት አልነገርከኝም አልኩት።

«ሌሊት ነበር፣ ጣቢታ» አለኝ። «አፈር የምናለብሰው እየተተኮሰብን ነው። በዚያ ሜዳ ላይ አገሬ በየት በኩል እንደሆነች እኔ በምን አውቄ?»

ከጵርስቅላ ቆጮ ቆርሼ ቅቤ ቀብቼ ሰጠሁት። እህል ከጠላ ሰንብቶ ነበር፤ ተቀበለኝና እያለቀሰ በላ።