አደራ በመስታወት ሳጥን

በዚያ በጋ ጣራ ገዳም ደን ውስጥ አንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ወደቀ። እኔ ወረታ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ለተማሪዎቼ ደኑን ላሳይ ወጥቼ ነው ግንዱን ተጋድሞ ያገኘሁት። ቅርንጫፎቹ ላይ ቅጠላቸው ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ፣ አበባቸው ምስር የሚያክል ትናንሽ ኦርኪዶች ተጣብቀው ነበር። የአገሬው ሰው ተቀጽላ ብሎ ያልፋቸዋል፤ ዛፉን የሚመጥጡት ይመስለዋል። ስም ማጥፋት ነው። ዛፉ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ ከዛፉ አይበሉም፤ የሚጠጡት ጉሙን ነው። ዛፉ ከወደቀ ግን እዚያው መሬት ላይ ደርቀው ይቀራሉ።

ከገዳም ደን ደረቅ ጭራሮ እንኳ ይዞ የሚወርድ ሰው የለም። ስለዚህ ደኑን የሚጠብቁትን አባ ለመንኋቸው። ሸምገል ያሉ መነኩሴ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቅርንጫፉን ብዙ አዩት።

«ነፍስ አላቸው እነዚህ?» አሉኝ።

«አላቸው፣ አባ። እዚህ ከቀሩ ግን ክረምትን አያዩም።»

«እንግዲያ ውሰጃቸው። ዝናቡ ሲገባ ግን መልሰሽ አምጫቸው፤ ሌላ ዛፍ ላይ ይሰፍራሉ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፣ ልጄ።»

ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ «አደራ» የስልክ መዝጊያ ቃል ነው። እዚህ ግን አደራ የበላን ሰው ሰላም የሚለው የለም። ቃሌን ሰጥቼ፣ ቅርንጫፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ወረድሁ። መንገዱን ሁሉ ምን ነክቶኝ ነው እያልሁ ራሴን ስሳደብ ነበር።

ወረታ ያለችበት ፎገራ ረባዳ ነው። በክረምት ውሃ ተኝቶበት ሩዝ ያበቅላል፤ በመጋቢት ግን መሬቱ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የገዳሙን ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ደግሞ እኔ ወረታ ላይ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና አቧራ በሚያቦኑበት መንገድ ዳር፣ ከተከራየሁት ክፍል ጥግ መሥራት ነበረብኝ። የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ ወዳለ መስታወት ቆራጭ ሄጄ የመስታወት ሳጥን እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት።

«የሳምቡሳ ነው የዳቦ?» አለኝ።

«የአበባ ነው።»

«ምን አጥፍቶ ነው የሚታሰረው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚደርስ፣ ከታችና ከላይ የአየር ቀዳዳ ያለው ጥሩ ሳጥን ሠራልኝ። ከስልክ ጠጋኝ የኮምፒውተር ማራገቢያ ገዛሁ። የጫጩት መፈልፈያ ከሚሠራ ሰው ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ማራገቢያውን በራሱ የሚያስነሳ ማብሪያና የእርጥበት መለኪያ አገኘሁ። ከታችኛው ቀዳዳ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀልሁ፤ ማራገቢያው አየሩን በጆንያው በኩል ሲስበው ቀዝቅዞና ርሶ ይገባል። ከሥር ጠጠርና ውሃ፣ ከላይ ነጭ አምፖል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጆንያው ያንጠባጠበው ውሃ ሽቦው ላይ ወርዶ የግቢውን መብራት በሙሉ አጠፋው።

አከራዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ። እዚያው ፎገራ ካለው ከቁሐር ሚካኤል ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱና ጎርፍ የቤታቸውን ግድግዳ ካፈረሰባቸው በኋላ ነው ወደ ከተማ የገቡት። ሳጥኑን ዞረው ዞረው አዩት።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ለጥጃ ጎጆ ሲቀለስ አይቻለሁ፤ ለተቀጽላ ቤት ሲሠራ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

በሳምንቱ ግን ዱካቸውን ይዘው ሳጥኑ ፊት መቀመጥ ጀመሩ። የመጀመሪያዋ አበባ የፈነዳች ለት ያዩዋትም እሳቸው ናቸው። «ኸረ ነይ፣ ይችን ነገር እያት! ምላስ አላት እኮ!» እያሉ ከሰው ሁሉ አስቀድመው ጠሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ያሳስባቸው ነበር። «ይኸ ነገር ሌት ተቀን ሲነፋባቸው አይበርዳቸውም?» ይሉኛል። «ይወዱታል፣ እማማ» እላቸዋለሁ። ለምን እንደሚወዱት አስተማሪዋ አላስተማርኋቸውም።

ለፋሲካ ወላጆቼ ዘንድ አዲስ አበባ ሄድሁ። አበቦቹን ለእማማ አደራ ሰጠሁ፤ ጆንያውን ማርጠብ ብቻ ነበር ሥራቸው።

ስመለስ ሳጥኑ ጋቢ ለብሷል። ገለጥሁት። ማራገቢያው ተነቅሏል፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች በሩዝ ገለባ ተወትፈዋል። መስታወቱ ከውስጥ አልቦታል። በሩን ስከፍተው የበሰበሰ ነገር ሸተተኝ። ቅጠሎቹ ጠቁረው፣ ስነካቸው እየተላቀቁ እጄ ላይ ይወርዱ ጀመር።

«እማማ! ምን አደረጓቸው? ገደሏቸው እኮ!» ብዬ ጮህሁ። «ምን ብዬ ነው አባ ፊት የምቆመው?»

«ነፋስ እንዳይመታቸው ብዬ ነው፣ ልጄ። አንች የለሽ፤ እንደ አራስ ልጅ ናቸው ብዬ...»

«ነፋስ አይደለም የገደላቸው! መታፈኑ ነው! በሥሮቻቸው ነው የሚተነፍሱት፤ ያለ ነፋስ ይበሰብሳሉ!»

ዱካቸው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ የሞተውን ከተረፈው እየለየሁ ስነጫነጭ፣ እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«የበኩር ልጄ ክርስትና እንደተነሣ ነው የሞተብኝ። ያን ለት ጭሱ ቢያፍነኝ በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር። አማቴ ገቡና ‹በር ከፍተሽ በነፋስ አስመታሽው› አሉኝ። ልጅ ይዤ በር ከፍቸ አላውቅም ከዚያ ወዲያ።»

እጄ ላይ የያዝሁትን አስቀመጥሁ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ በጣም አዘንሁላቸው። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ መስኮታቸውን በሰሌን ጋርደው የሚተኙትን ሴትዮ ስንት ጊዜ በልቤ ስቄባቸዋለሁ።

«እማማ፣ ልጅ በተከፈተ በር አይሞትም። በሽታ ይዞት ነበር። በበር አይደለም፤ በእርስዎም አይደለም።»

ሰው ለቅሶ ላይ ለማጽናናት የሚናገረውን እንደሚሰሙ ሆነው ሰሙኝና ወጡ።

በማግስቱ ግን ገለባውን በገዛ እጃቸው ነቃቅለው፣ ማራገቢያውን ሰክተው፣ መዳፋቸውን ቀዳዳው ፊት ዘርግተው አገኘኋቸው። ከላይኛው ቀዳዳ አጠገብ፣ ገለባው ላላ ካለበት በኩል የነበሩት ጥቂቶቹ ተርፈው ነበር። እስከ ዝናቡ ድረስ አብረን ጠበቅናቸው። ግንቦት ላይ አንዱ አረንጓዴ ሥር ሲያወጣ እማማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ሰኔ ገባና ለመመለስ ተነሣሁ። «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። «ያጠፋሁት እኔ፣ የምትወቀሽው አንች? አይሆንም።»

አቀበቱን እያረፍን ወጣን። እማማ አባ ፊት ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ገለባውንም፣ ጋቢውንም፣ ልጁንም። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈቱ። የሞቱትን ሰብስበው ይዘዋቸው መጥተዋል፤ እኔ እንኳ አላወቅሁም ነበር።

«አደራ ቢሞትም ይመለሳል ብዬ ነው፣ አባ።»

አባ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዛፍ ሥር አፈር አለበሷቸውና፣ «ሕያዋኑስ የት ይታሰሩ? እርስዎ ይምረጡ» አሏቸው።

እማማ ከለል ያለ ጥግ ይመርጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አፋፉ ላይ ወደቆመ ዛፍ ጠቆሙ። «እዚያ ይሁን፤ ነፋስ እንዲያገኛቸው» አሉ። አሰርናቸው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ይወብቃል፤ መስኮቱ ሁሉ ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ከእማማ አጠገብ አንዲት ወጣት እናት ጨቅላዋን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ልጁ ያለቅሳል፤ ፊቱ በላብ ርሷል። እማማ ጎንበስ ብለው ፎጣውን ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረጉለት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መስኮቱን ከፈቱ።

«ኸረ እማማ፣ ነፋስ ይመታብኛል!» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

«ተይው ልጄ፣ ይተንፍስ» አሏት። «ነፋስ ልጅ አይገድልም።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና እስከ ወረታ ድረስ አለቀሱ። መስኮቱን ይዝጉ ያላቸው ሰው አልነበረም።