በግራም የተመለሰ አደራ

አያ ባንታምላክ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ነው። ከመተማ ቆላ ለአንድ ክረምት አረም ሊያርም ተሻግሮ፣ ዶካና ባሱንዳ በሚባሉ የእርሻ ቦታዎች ሲያርምና ሲያጭድ ሃያ ሁለት ዓመት ቆየ። መዳፎቹ አካፋ ያህላሉ። በእነዚያ መዳፎች መካከል ሚሽሚሽን አቅፎ ያየሁት ቀን፣ እንዲህ ያለም ነገር አለ ለካ ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ሚሽሚሽ ሃምስተር ነው፤ የአይጥ ዘመድ፣ ጅራቱ ከመኖር የማይቆጠር፣ ጉንጩ እንደ ኪስ እህል የሚይዝ፣ ቀን ተኝቶ ማታ የሚነቃ ብርቱካናማ እንስሳ። ባለቤቱ የዘጠኝ ዓመቷ ሪታጅ ናት። እሷና እናቷ ሲት ኢሕሳን ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው፣ እኔ፣ የመጋዘኑ መዝገብ ያዥ፣ እና አያ ባንታምላክ በምንኖርበት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። እናትየዋ ለሕክምና ፖርት ሱዳን መሄድ ሲኖርባት፣ ልጂቱ የሽቦ ቤቱን ታቅፋ መጣች።

«ያ አም ባንታ፣ እስክንመለስ አማና ነው» አለችው፤ አጎቴ፣ አደራ ማለቷ ነው።

«አደራ በላ አያርገኝ» አላት።

ቆላ ላይ፣ በሬውን አደራ ሰጥቶ የሄደ ሰው ሲመለስ ከብቱ ከስቶ ካገኘው፣ ተቀባዩ ስሙ ይጠፋል። ደልቦ ካገኘው ግን ይመረቃል። አያ ባንታምላክ የሚያውቀው ይህንን ነው። ስለዚህ ከመጋዘኑ ወለል የሚጠረገውን ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ከሱቅ ጠሒኒያ የሚሉትን የሰሊጥ ጣፋጭ ሳይቀር አቀረበለት። የሽቦ ቤቱን መጋዘኑ በር ላይ ስለሚያስቀምጠው፣ ተሸካሚዎቹም ባለፉ ቁጥር ያጎርሱታል።

በሁለተኛው ወር ሆዱ መሬት ጠረገ። አንድ ማለዳ ትንሿን መሰላል ሲወጣ መሃል ላይ ቆመና ቁና ቁና ተነፈሰ።

«አንች የተማርሽ፣» አለኝ አያ ባንታምላክ፣ «እርጉዝ ነው እንዴ?»

«ወንድ ነው እኮ አያ።»

«ታዲያ ሆዱ ውስጥ ምን ገባ?»

ከብት ተራ ወሰድነው። እዚያ ኒም ዛፍ ጥላ ስር ጸጋብርሃን አለ። ሁመራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ በሐምዳይት በኩል ድንበር ተሻግሮ መጣና አሁን ለበግና ለፍየል መርፌ ይወጋል። ሚሽሚሽን ገልብጦ ዳሰሰው፣ ደረቱን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«እንዲህ ያለ በግ ብታመጣልኝ ዛሬውኑ ሽጠው እልህ ነበር» አለ። «ይሄ ግን ስቡ ልቡን ሊያፍነው ነው። ካልከሳ ይሞትብሃል።»

«ያደራ እንስሳ ላክሳ?»

አጠገባችን የቆመ የፍየል ነጋዴ ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች! አገር ሁሉ ለማድለብ ይለፋል፣ ሐበሻው አይጥ ሊያከሳ መጣ!»

እኔም አልሳቅሁም ማለት አልችልም። ግን ስንመለስ፣ ሰሃን ይዘው ለእርዳታ ምግብ የተሰለፉ ተፈናቃዮች ጎን ስናልፍ፣ የሽቦ ቤቱን በነጠላዬ ሸፈንሁት። ለምን እንደሸፈንሁት እንጃ።

የሰሊጥ ናሙና በሚመዘንባት ትንሽ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ግራም። ጸጋብርሃን መቶ ሃምሳ ይበቃዋል ብሏል። አያ ባንታምላክ ሚዛኑ ላይ እንዳለ በስልኬ ፎቶ አንሽልኝ አለኝ። «እንዳላስራብሁት ምስክር ይሁነኝ።»

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ አብሮኝ ይጹም» አለና ቀን ቀን ሰሃኑን አነሳበት። በሳምንቱ ስንመዝነው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሆነ።

«ቀን እህል ሳይቀምስ ይጨምራል?»

«ሐሳብም ያወፍራል ይባላል» አልሁ፣ የተማርሁት እኔ።

ቤቱን ስናጸዳ ነገሩ ተገለጠ። ከጭዱ ስር በየጥጉ ሰሊጥና ለውዝ ተከምሯል፤ በብርጭቆ ሰፈርነው፣ ሁለት ሞላ። አያ ባንታምላክ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«መጋዘን ጠባቂው እኔ፣ ባለ መጋዘኑ እሱ!»

ጸጋብርሃን ጾሙን ሲሰማ ተቆጣ። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንስሳ አይጾምም! ድንገት ከተራበ ይሞታል። ማሽላ በሻይ ማንኪያ አንድ፣ ከጎኑ ትንሽ ዱባ፣ ሲመሽ ስጠው። ጭዱ ውስጥ በትንለት፣ ፈልጎ ይብላ። ያከማቸውንም ጠራርገህ አትውሰድበት፣ ይደነግጣል።»

አያ ባንታምላክ ያረጀ ባልዲ በጎኑ አንጠልጥሎ መሮጫ ሠራለት፤ እንዳያንሸራትተው ውስጡን በማዳበሪያ ጆንያ ለበጠው። እኔ በአረብኛና በአማርኛ «እባካችሁ አታጉርሱኝ» ብዬ ጽፌ ሽቦው ላይ ሰቀልሁ። ባልዲው መዞር ጀመረ። ሁለት መቶ ስምንት። መቶ ዘጠና አምስት። መቶ ሰባ ስምንት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አያ ባንታምላክ ቁጥሩን ሰምቶ «እሰይ» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል።

«መሰላሉን እኮ ሳያርፍ ወጣ» እለዋለሁ።

«አውቃለሁ። ግን እይው፣ አንገት አወጣ። ምን ብዬ ነው የማስረክባት?»

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን እናትና ልጅ ከፖርት ሱዳን በከሰላ በኩል በአውቶቡስ መጡ። ሪታጅ ረዝማለች፣ ቀጥናለችም። አያ ባንታምላክ ስልኩን ከፍቶ፣ የወፍራሙን ሚሽሚሽ ፎቶ አውጥቶ፣ እንደ መታወቂያ በእጁ ይዟል። ሚዛኑ ጠዋት መቶ ሃምሳ ሁለት ብሎ ነበር።

«አላህ ይባርክህ» አለች ሲት ኢሕሳን። «ምን እያበላህ አቆየኸው?»

አፉን ከፈተ። ሰሊጥ ሊል እንደሆነ ከንፈሩ ነገረኝ። ልጂቱን አየና አንገቱን ደፋ።

«ማሽላ» አለ፣ ንስሐ እንደሚገባ ሰው። «በማንኪያ አንድ። ሰሊጥ እንዳትሰጭው፣ ልጄ። ለሞት አድርሼው ነበር።»

ልጂቱ የሰማችው አይመስለኝም። ሚሽሚሽ በእጅጌዋ ገብቶ በአንገትጌዋ ብቅ ብሏል።

«ምንም አልተለወጠም!» አለች። «ልክ እንደተውሁት ነው!»

አያ ባንታምላክ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ወደ መጋዘኑ ስንመለስ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ምንም አልተለወጠም ያለችው ምስጋና ነው፣ ወይስ አላደለብኸውም ማለቷ ነው?»

«እኔም አላወቅሁም፣ አያ።»

ራሱን ነቀነቀና፣ ሚዛኗን በጀላቢያው ጫፍ ወልውሎ ወደ ቦታዋ መለሳት።