ፍርሃት ነው ወይስ ስኳር

ከማታ ትምህርት ቤት ስወጣ አብዮት ጠባቂዎች ያዙኝ። እኩዮቼ ልጅ ወልደው ሲያሳድጉ እኔ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬን እንደያዝኩ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ መጋዘን አስገቡኝ። መጋዘኑ ከአንድ የበርበሬ ነጋዴ የተወረሰ ነው። በርበሬው ወጥቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። በሩ እንደተከፈተ አስነጠሰኝ። ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ ብዙ ሴቶች አንድ ላይ "ይማርሽ!" አሉኝ። የእስር ቤት የመጀመሪያ ሰላምታዬ ይህ ነበር።

ጥሙ የጀመረኝ ከሰነበትኩ በኋላ ነው። በርበሬው ነው አልኩ። ቀጥሎ ሙቀቱ ነው አልኩ፤ በሚያዝያ የናዝሬት ቆርቆሮ እንኳን ሰው ድንጋይ ያስጠማል። ጠጥቼ ሳልጨርስ ሽንቴ ይመጣል። በሩን ደጋግሜ ስመታ አብዮት ጠባቂው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ለወንዶቹ ክፍል መልእክት ታመላልሻለሽ እንዴ?" ይላል።

ይባስ ብሎ፣ ለምርመራ የሚፈለጉት ስም ሲጠራ ሽንቴን መያዝ ያቅተኛል። አንዷ ተማሪ፣ "የእሷን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሽንቷ ቀድሞ አቤት ይላል" አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሲያወሩ ቆይተው እኔ ስጠጋ ዝም ማለት ጀመሩ።

አልፈረድኩባቸውም። እኔም ራሴን ፈራሁት። የማውቃቸው፣ ያልተያዙ ጓዶች ስሞች ነበሩ። ብዙ አይደሉም፤ ግን እያንዳንዱ የሰው ሕይወት ነው። ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ስም እንዴት ይይዛል? ከመርማሪው ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር።

ያልሸሹኝ እቴቴ ብቻ ናቸው። "ልጅሽን አምጪ" ተብለው የታሰሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እቴቴ ነበር የምንላቸው። ከየቤታችን የሚመጣው ስንቅ አንድ ላይ ይቀመጥና እሳቸው ያካፍላሉ። ስኳር የደካማ ድርሻ ነው፤ ከምርመራ ለተመለሰች፣ ለታመመች። ወንድማቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ስለሚሠራ ስኳር አያጡም። ቀሚሴ እየሰፋኝ ሲሄድ የደካማው ድርሻ ለእኔ ሆነ። በሶውን ስኳር በደንብ ጨምረው በጣሳ ይበጠብጡልኛል።

"ጠጪ፣ ልጄ። ፍርሃት የሚነግሠው ሆድን ባዶ ሲያገኘው ነው።"

እጠጣለሁ። ይብስብኛል። ሲብስብኝ ይጨምሩልኛል።

በዳግማ ትንሣኤ ማግስት፣ ጠዋት፣ ልነሣ ስል እግሬ ከዳኝ። ከዚያ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። እቴቴ ጠባቂውን ሲሳደቡ፣ የላንድሮቨር ጀርባ፣ አቧራ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ስነቃ ሐኪሙ፣ "የስኳር በሽታ ነው። ዕድሜሽን ሙሉ መርፌ ትወጊያለሽ" አለኝ።

"ፍርሃት አይደለም?"

አየኝ። አጠገቤ የቆመውን ጠባቂም አየ። "ፍርሃት ሽንት ያመጣ ይሆናል፤ ይህን ያህል ግን አያከሳም።"

ደስ አለኝ። የማይድን በሽታ ተነግሮኝ ደስ መሰኘቴ ራሱ ግራ አጋባኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ያ ሁሉ የበሽታው ከሆነ እኔ ራሴ ምን ነኝ? ፈሪ ነኝ ደፋር? ማን ይንገረኝ?

ሲመልሱኝ እቴቴ በሶ በጥብጠው ጠበቁኝ። ነገርኳቸው። ጣሳውን እንደያዙ ቀሩ።

"እኔ ነኛ የገደልኩሽ!"

"እርስዎማ ሰው ሲሸሸኝ አጠገቤ የተቀመጡ ነዎት።"

በሶውን ራሳቸው ተጎነጩት፤ ፊታቸው ተጨማደደ። "ውይ! ይህን ነው ስግትሽ የከረምኩት?" ያቺ ቀልደኛ ተማሪ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

መርፌ ወደ እስረኛ ክፍል አይገባም ስለተባለ ጥበቃ ክፍል ተቀመጠ፤ መድኃኒቱም እንዳይሞቅ እንስራው ሥር ባለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ። በማግስቱ ጠዋት ያ ሆስፒታል አጠገቤ የቆመው ጠባቂ መርፌውን ቀቅሎ ሰጠኝ። ነርሷ አሳይታኛለች፤ ራሴን ወግቼ ግን አላውቅም። መርፌው ከጣቴ ሊያመልጠኝ ደረሰ። ስኳሩ ይሁን ፍርሃቱ አልለየሁትም። እሱ ክንዱን አጣጥፎ ያየኛል። ቀሚሴን መግለጥ አለብኝ።

"ፊትህን አዙር፣ ወንድሜ።"

"አላዞርም። ራስሽን ብትጎጂ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ጠብቅ ተብያለሁ።"

"ጠብቅ የተባልከው መርፌውን ነው፤ ጭኔን አይደለም።"

ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እኔም መርፌውን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ካልዞረ አልወጋም፤ ካልወጋሁ ደግሞ እንደምሞት ሁለታችንም እናውቃለን። ውጭ ባቡር ሲጮህ ይሰማል። ጠባቂው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወጋሁ።

በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። ሽንቴ እዚያው ወንበሩ ላይ አመለጠኝ። ስሞቹ ግን አላመለጡኝም። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በየዓመቱ በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ልጄ ቁርስ ልትበላ ትመጣለች። ቀኑን በቁጥር አላውቀውም፤ የማውቀው እቴቴ በሚቆጥሩት በዓል ነው። "ልደቱ በየዓመቱ የሚዘዋወር በሽታ ያንቺ ብቻ ነው" እያለች ትስቅብኛለች። ዘንድሮ ግን ኮስተር ብላ፣ "እማዬ፣ ቆይ ምኑን ነው የምናከብረው?" አለችኝ።

ፍርሃት የለቀቀኝን ቀን ነው ልላት አሰብኩ፤ ውሸት ሆነብኝ። ዛሬም ሳላስበው በር ሲንኳኳ ልቤ ይዘላል። ብቻ ተነሥቼ እከፍታለሁ።