የታጠበ ሣርና የሞላ ጠርሙስ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሣር አጠብኩ።

ሆሳዕና በተከፈተ አንድ ጊዜያዊ ቢሮ፣ ረዳት ናሙና ሰብሳቢ ሆኜ ነበር የተቀጠርኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማጭድና አካፋ ግን በደንብ ያውቁኛል። አለቃዬ ምሕረት የላብራቶሪ ባለሙያ ነች፣ በዕድሜ የልጄ እኩያ። "ጋሽ ሀንዲሶ፣ ከዚያ ሜዳ ሣር ያጭዱልኝ" አለችኝ። አጨድኩ። ጭቃ ነክቶት ስለነበር ጅረት ወርጄ አለቅልቄ፣ ውሃውን አራግፌ አመጣሁላት። ለመሥሪያ ቤት ቆሻሻ ይዞ መሄድ ነውር መሰለኝ።

ምሕረት አንዴ ሣሩን፣ አንዴ እኔን አየች። "ምነው እንዲህ አብረቀረቀ?"

"አጠብኩት።"

"ጋሼ! እኛ የምንፈልገው እኮ ቆሻሻውን ነው!"

ሹፌራችን ኑረዲን ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ቅቤ ጣል ቢያደርጉበት ደግሞ እንበላው ነበር!" ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "አጣቢው" ሆኖ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፎንቆ ከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ሲሠራ፣ የአፈር ጥብቀት የሚለካ መሣሪያ ላይ ሮለር ወጣበትና ተሰባበረ። ምንነቱን ያላወቀ ሰው ቦይ ውስጥ ጣለው። በሆዱ ሲዝየም የሚባል ጨረራ ያለው ነገር ነበረበት፤ ክረምቱ አጥቦ ወደ ግጦሹ አወረደው። ሲዝየም አይታይም፣ አይሸትም። የሣር ሥር ምግቡ መስሎት ይስበዋል። ሣሩን ላም ትበላለች፤ ከላሟ ወደ ወተቱ ያልፋል።

ሜዳው ታጠረ፣ ከብት እንዳይገባ ተከለከለ። ለፍልፈል ግን ማን ይንገረው? ከአጥሩ ሥር ገብቶ በወዲያኛው በኩል አፈር ቆለለ። የጨረራ መቁጠሪያውን መሣሪያ ጉብታው ላይ ስናስጠጋው ጠቅ ጠቅታው በዛ። ምሕረት አጥሩን አስፋች። "ይህ ፍልፈል ደመወዝ ይገባዋል" አልኳት።

ወፎቹም አሉ። ትል አፈር ይበላል፣ ጋጋኖ ትሉን ትለቅማለች፣ ከዚያ ብድግ ብላ ወደፈለገችበት ትበራለች። ስለዚህ ኩሷንም ሰበሰብኩ። በዚህ ዕድሜዬ የወፍ ኩስ በከረጢት አሽጌ ቁጥር መጻፌ ባለቤቴን ብዙ አስቋታል። አንድም የታመመ ወፍ ግን አላየሁም። ይህንን ለምሕረት ስነግራት፣ "አያታልልዎት ጋሼ፤ በዓይን የማይታየውን ለማየት አይደል የተቀጠርነው?" አለችኝ።

ከዚያ ወተቱ መጣ።

ሸምሲያ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ቤቷ ከሜዳው ሥር ነው። ያላት አንድ ላም ነች፤ ወተቷን ሁለት የልጅ ልጆቿ ይጠጣሉ። ጠርሙስ ሰጠናት፤ እስከ አፉ ሞልታ መለሰችልን። ውጤቱ "ንጹሕ" ተባለ። ልነግራት የሄድኩ ዕለት ላሟን ስታልብ ደረስኩ። ወተቱ የቅሉን ሥር እንኳ በቅጡ አልሸፈነውም።

"ሸምሲያ፣ ያን ቀን ጠርሙሱን እንዴት ሞላሽው?"

"ጎዶሎ ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ? ላይ ሰፈር ካለችው ከራህመት ተበደርኩ።"

"ከላምሽስ ስንቱ ነበረበት?"

"ከሷማ ምንም! ቀጭን ነው፣ ያሳፍራል። ለላብራቶሪ እሱ ይላካል?"

ዙሪያውን ቃኘሁ። ከጎጆው ጀርባ ድርቆሽ ተከምሯል፤ ሜዳው ሳይታጠር የታጨደ ነው። ላሟ እሱን ትበላለች፣ ልጆቹ ወተቷን ይጠጣሉ።

ይህንን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። "ሀንዲሶ፣ በፈጠረህ እንዳትናገር። ላሜን ይወስዱብኛል!"

እኔም ሣር የማጠቤን ታሪክ አንድ ሳላስቀር አጫወትኳት። "ይኸው እስከዛሬ ይስቁብኛል፤ የወሰደኝ ግን የለም" አልኳት። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። በማግስቱ ማለዳ የታለበውን፣ ያንኑ ጎዶሎውን፣ ራሷ ይዛ ቢሮ መጣች።

በዚህኛው ወተት ሲዝየም ተገኘበት።

"ላሟን የሚነካት የለም፣ እማማ" አለቻት ምሕረት። "ድርቆሹን እኛ እንወስደዋለን። ንጹሕ መኖ ከበላች በእበትና በሽንት ይወጣላታል። ልጆቹ ለጊዜው ከሌላ ይጠጡ።"

የልጆቹን ወተት ራህመት ቻለች። እኔ ከጓሮዬ የእንሰት ቅጠል ተሸክሜ ተመላለስኩ፤ ኑረዲን "አጣቢው ዛሬስ አጥበው ነው ያመጡት?" ይለኛል። የሜዳው አፈር ከላይ ተገፎ በበርሜል ታሽጎ ተወሰደ። ወተቱን በየሳምንቱ ለካን፤ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ማክሰኞ ምሕረት የውጤቱን ወረቀት አይታ "አሁን ይጠጡ" አለች።

የዚያን ዕለቱ ጠርሙስ ከግማሽ በታች ነበር። ሸምሲያ ስትሰጠን ፊቷን ዞር አድርጋ ነው።

አሁን ለምታስተምሩኝም ናሙና አሰባሰብ ለማስተምራችሁም የሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነው፤ ናሙና ሞልቶና ነጽቶ ሲመጣላችሁ አትደሰቱ፤ ማን እንደሞላው ጠይቁ።