ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት የቆመችው ልጄ

ልጄ ሥጋ መብላት ያቆመችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያ ሁዳዴን እየጾመች መስሎኝ በልቤ አመሰግን ነበር። ፋሲካ መጣ፤ ዶሮውን ሠርቼ ስጠራት ከክፍሏ ብቅ አለችና «ሽሮ የለም?» አለችኝ።

«ጾሙ ተፈታ እኮ።»

«የእኔ አልተፈታም፣ ማሚ። እኔ እንስሳ አልበላም።»

ይህን ያስተማረቻት አንዲት ዝነኛ ተዋናይት ናት። በወጣትነቷ በፍቅር ፊልሞች የታወቀች፣ ጸጉሯ ሲሸብት ደግሞ የእንስሳት ጠበቃ የሆነች ሴት ናት። ልጄ ቪዲዮዎቿን በስልኳ ታያለች፤ አንዳንዴም ለእኔ ታሳየኛለች። እኔ በዚያ ጊዜ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር፣ ሳንድዊች የሚታሸግበት ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ቀኑን ሙሉ በጓንት የዶሮ ሥጋ ዳቦ ላይ ስደረድር ውዬ እገባለሁ፤ ከዚያ ስለ ዶሮ ስቃይ እንድመለከት ስልኩን ታቀብለኛለች። ዓይኔ ይከደናል። «ማሚ፣ ተኛሽ?» ትለኛለች። አዎ፣ ተኝቻለሁ።

ስቶክዌል በሚባል ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የደሴ ልጅ የሆነች ጓደኛዬ ትኖራለች። ሙስሊም ናት፤ ልጄ «አንቲ» ነው የምትላት። ባሏ ሁለት ፌርማታ ወረድ ብሎ ሥጋ ቤት አለው። ልጄ ሕፃን እያለች፣ የጠዋት ሺፍት ሲደርሰኝ፣ ገና ሳይነጋ እንቅልፏን ሳትጨርስ አቅፌ ወስጄ እዚያ ቤት አስተኛት ነበር። ከጓደኛዬ ወንድ ልጅ ጋር እኩያ ናቸው፤ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ አንድ ትምህርት ቤት ሄደው፣ ተናክሰው ነው ያደጉት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጓደኛዬ ለልጄ ሥጋ አጉርሳት አታውቅም። ለእሷ የምስር ወጥ የምትሠራበት ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ድስት ነበራት። «የእናቷን ሃይማኖት እኔ አላስፈርሳትም» ትላለች። በአገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በዚህ ማንም ቅር አይለውም። ቢላው አንድ ነው፣ የሚለየው በላዩ የሚጠራው ስም ነው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት ተዋናይቷ አዲስ ዘመቻ ጀመረች። እንስሳ ቀድሞ በኤሌክትሪክ ሳይደነዝዝ መታረድ የለበትም፣ እንደ ሙስሊሞች ሥርዓት የሚታረደው ይከልከል የሚል ነው። ቴሌቪዥኑም ጋዜጣውም ይህንኑ ያወራ ጀመር። አንድ ማታ ልጄን ጠየቅኳት።

«አንቲ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?»

«ማሚ፣ ስለ ሙስሊም አይደለም። ስለ በጉ ነው።»

«እኛስ አገር ቤት በምን የምናርድ ይመስልሻል? በስመ አብ ብለን በቢላ ነው።»

«እሱም ልክ አይደለም» አለችኝ፤ ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

ኦቨርታይም ሠርቼ ስለነበር እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ። ልጄ የምትለውን ከልቧ እንደምትል አውቃለሁ፤ ሸረሪት እንኳ በብርጭቆ ይዛ በመስኮት የምታወጣ ልጅ ናት። «እሺ» ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ከፋብሪካው ስወጣ ጓደኛዬ ደወለች። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር።

«ልጅሽ እዚህ ናት። ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ የዚያች ተዋናይት ሰልፍ ላይ።»

እንዴት እንዳፈርኩ አልናገርም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«እሱን ተዪው። ነይና ውሰጃት። ሌሎች ሰዎች እየመጡ ነው፣ አላማሩኝም።»

ባቡሩ ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም። ስደርስ መንገዱ በሁለት ተከፍሏል። በአንዱ ወገን ሥጋ ቤቶቹ፣ በራቸውን ግማሽ ዘግተው፤ በሌላው ወገን ሰልፈኞቹ፤ መሐል ላይ ጥቂት ፖሊሶች። ተዋናይቷ ወንበር ላይ ቆማ ትናገራለች። በፊልም ከምትታየው ይልቅ አጭር ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ስለ አንዲት ግልገል ስትናገር አለቀሰች፤ እንባዋ የውሸት አልነበረም። ከዚያ ፎቶ ተነሳችና መስኮቱ ጥቁር የሆነ መኪና ውስጥ ገብታ ሄደች።

አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ቀረበኝ። አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አይቶ፣ «እርስዎ ክርስቲያን ነዎት፤ ይፈርሙልን» አለኝ።

«ደክሞኛል» አልኩት።

ልጄን ሳያት ጓደኛዬን ያላማሯት ሰዎች ደርሰው ነበር። ባንዲራ ትከሻቸው ላይ የጣሉ፣ ቢራ የያዙ ወንዶች ናቸው። ስለ በግ የሚያወራ አንድም የለም። «ወደ አገራችሁ!» እያሉ ወደ ሥጋ ቤቶቹ ይጮሃሉ። ልጄ የበግ ሥዕል ያለበትን ካርቶን ወደ ላይ እንዳነሳች ደርቃ ቀርታለች፤ ከኋላዋ ባንዲራ የለበሰ ሰው አፉን ከፍቶ ይጮሃል። አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት ፎቶ አነሳት።

እንቁላል ተወርውሮ የጓደኛዬ ባል ሱቅ መስታወት ላይ ተፈረከሰ። እኔ በሰው መሐል እየተጋፋሁ ሳልደርስ ጓደኛዬ ከሱቁ ወጣች። ሻርፗን አጥብቃ፣ ፖሊሶቹን አልፋ፣ መንገዱን ተሻግራ የልጄን እጅ ያዘች። አንዱ ፊቷ ላይ ጎንበስ ብሎ የማይጻፍ ስድብ ሰደባት። ልጄ ሰማችው። ካርቶኑን ጣለችና አንቲን ተከትላ ተሻገረች። እኔም ከኋላቸው ገባሁ።

ውስጥ የበግ ሥጋ ተሰቅሏል። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። የጓደኛዬ ባል ይህን አይቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረላትና ውሃ ሰጣት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው እያለቀሰች።

«አብሽሪ፣ ልጄ። ጠጪ።»

ወንድ ልጃቸው ግን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ያያት ነበር።

«ከእነሱ ጋር ነው የቆምሽው» አላት።

«እኔ ከእነሱ ጋር አልቆምኩም! እነሱ ናቸው መጥተው ከኋላዬ የቆሙት።»

«ያው ነው።»

እናቱ ተቆጣችው፤ እሱ ግን መጥረጊያና ባልዲ ይዞ የተፈረከሰውን እንቁላል ሊያጥብ ወጣ። ልጄ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ «አንቲ፣ አሁንም ማረዱ ልክ አይመስለኝም» አለች። ያንን ለመናገር ያ ሰዓት ነበር?

ጓደኛዬ አጠገቤ በሳጥን ላይ ተቀመጠች። እሷም ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው። «እሺ» አለቻት። «ለበጉ አዘንሽ፣ ጥሩ። ውሃሽን ጨርሺ።»

ፎቶው በየስልኩ ዞረ። በዩኒቨርሲቲዋ ያሉ ሙስሊም ተማሪዎች ልጄን ሰላም ማለት ተዉ፤ ከባንዲራዎቹ ወገን የሆኑ የማታውቃቸው ሰዎች ደግሞ «ጎበዝ» እያሉ ይጽፉላት ነበር፤ የባሰባት ይኸኛው ነው። ተዋናይቷ ማንንም ሕዝብ እንደማትጠላ፣ ስለ ባንዲራዎቹም እንደማታውቅ ተናገረች። በክረምቱ ከእንስሳ ቆዳ ስለሚሠራ ፀጉራም ካፖርት አዲስ ዘመቻ ጀመረች። ልጄ ሰልፉን ከጠራው ማኅበር ወጣች፤ ሥጋ ግን አልበላችም። ጓደኛዬና እኔ ስለዚያ ቀን ዳግም አላወራንም። ለተወሰነ ጊዜ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከልክ በላይ ተግባቢዎች ሆነን ነበር፤ «እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነሽ» ይበዛል። ከዚያ እሱም ቀስ ብሎ ቀረ፤ እንደ ድሮው ሳናንኳኳ አንዳችን ሌላችን ቤት መግባት ጀመርን።

ልጇ ግን ልጄን አላናገራትም። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሌላም። ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ እሱ ስልኩን ያያል፤ እሷ ቁጥሮቹን ታያለች። ሁለታችንም እናቶች ለማስታረቅ አስበን ነበር፤ ዛሬ ነገ ስንል፣ አንዷ ሺፍት ስትገባ አንዷ ስትወጣ፣ ቆየ።

ልጁ ሲያገባ ጓደኛዬ ራሷ ወደ ላይ ወጥታ ጠራችን። አዳራሹ ውስጥ ለክርስቲያን እንግዶች የሚሆን ምግብ ለብቻው ተዘጋጅቷል። ልጄ ከዚህኛውም ከዚያኛውም አላነሳችም፤ ሰላጣና ሩዝ ይዛ ተቀመጠች። ሙሽራው በየጠረጴዛው እየዞረ እኛ ጋ ሲደርስ እኔን ጉልበቴን ሊነካ ጎንበስ አለ። ለእሷ ጭንቅላቱን ነቀነቀላት። በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጡ፤ ሙዚቃው አላሰማኝም።

በባስ ስንመለስ ጠየቅኳት።

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ሥራ አገኘሽ ወይ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«አገኘሁ አልኩት።»

ጫማዬ ጠቦኝ ስለነበር አውልቄ ከመቀመጫው ሥር አስቀመጥኩት። ልጄ መስኮቱን ታያለች። በማግስቱ ጠዋት ሺፍት ነበረኝ።