የማይታከክ ቦታ

ያለምወርቅ የልጅ ልጇን አቅፋ አታውቅም። ሃና ተወልዳ፣ ክርስትና ተነስታ፣ መቀመጥ ጀምራ ሰባት ወር ሞልቷታል፤ አዲስ ቅዳም የምትኖረው አያቷ ግን ዳንግላ ድረስ ሄዳ የምታያት ከበር ላይ ሆና ነው። የክርስትናዋ ዕለት እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ከድንኳኑ ውጭ ዋለች። ልጇ ዋጋዬ «ኧረ እማ፣ ግቢና እቀፊያት» ባለቻት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፤ «ይቺ ሳል ትልቀቀኝ፣ ልጄ።»

ሳሏ ግን ልቀቂ ስላሏት የምትለቅ አልነበረችም። አራት ዓመት ሆናት። ያለምወርቅ ባሏ ከሞተ በኋላ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ እየቆረጠች ከሰል ስታከስል ኖራለች። ሳሏ ከጭሱ ጋር መጣች፤ ማክሰሉን ስትተው ግን አብራ አልሄደችም። ሽንኩርት ሲጠበስ ያስላታል፣ የጠዋት ብርድ ሲነካት ያስላታል፣ ስትስቅ ያስላታል። ጤና ጣቢያ አክታዋን ሦስት ጊዜ መርምረው፣ ራጅ አስነስተው፣ «ቲቢ የለብዎትም» ብለዋታል። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እሷ ግን ሦስት ጊዜ መመርመራቸውን ራሱ ጠረጠረችው። የሌለ ነገር ሦስት ጊዜ ይፈለጋል እንዴ? ደብቀውኛል ብላ ደመደመችና ከዚያ ወዲህ የምትጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻው አስቀመጠች። በመጠርጠር የሚደርስባት የለም።

ስለዚህ እንጅባራ ካለው ዩኒቨርሲቲ ማስተዋል የምትባል ተመራማሪ፣ ሳል የማይለቃቸውን የከሰል ሠራተኞች እንደምትፈልግ ሲነገር፣ ያለምወርቅ የሄደችው ለሳይንስ ተጨንቃ አይደለም። የደበቋትን ነገር ይቺ ብትነግራት ብላ ነው። በሚኒባስ እንጅባራ ደረሰች።

ማስተዋል ሰው ሲናገር የማታቋርጥ፣ ከመነጽሯ በላይ አሻግራ የምታይ ሴት ናት። የምታጠናው ቆዳን የሚያሳክኩትና ሳልን የሚቀሰቅሱት ነርቮች ምን ያህል ዘመዳሞች እንደሆኑ ነው። ወረቀቷን ዘርግታ መጠየቅ ጀመረች።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት ጉሮሮዎን ያሳክክዎታል?»

ያለምወርቅ ተናደደች። እከክ አለብሽ የተባለች መሰላት። «ምን በወጣኝ» አለች። «ገላዬን የምታጠብ ሰው ነኝ።»

ማስተዋል ወረቀቱ ላይ «የለም» የሚለው ጋ ምልክት አደረገች። ጉሮሮውን የማያሳክከው ሰው ለጥናቱ አይሆንም፤ አመስግና ልትሸኛት ተነሳች። ያለምወርቅ ክው አለች። ይቺም ልትደብቀኝ ነው አለች በልቧ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እዚህ ጋ» አለች የአንገቷን ጎድጓዳ በጣቷ እየነካች፣ «እዚህ ጋ ይበላኛል። ይበላኝ ይበላኝና ነው ሳሉ የሚመጣው። ምንድን ነው እየበላኝ ያለው?»

ማስተዋል ወረቀቱን አየችው። ከእሷ በፊት ስንቱን «የለም» ብላ እንደሸኘች አሰበችና ፊቷ ተለዋወጠ። ያን ሁሉ ዓመት የተማረች ሴት ቤቷ የምትናገረውን ቃል ረስታ መጥታለች።

«ይቀመጡ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይበላዎታል ወይ ማለት ነበረብኝ።»

ከዚያ በርበሬን የሚያቃጥል ከሚያደርገው ነገር የተሠራ በጣም ቀጭን ተን በትንሽ መሣሪያ አስተነፈሰቻት። ሌላውን ሰው የሚያስለው ተኑ ሦስት አራት ጊዜ ከተጠናከረ በኋላ ነው። ያለምወርቅ ግን ከሁሉም በቀጠነው፣ በመጀመሪያው፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። ማስተዋል ትቆጥራለች፤ ያለምወርቅ ደግሞ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሞቷ የቀረበ ይመስላታል።

«ቆዳችንን ሲበላን ማከክ ነው» አለቻት ማስተዋል፣ ሳሉ ሲበርድ። «ጉሮሯችንን ሲበላን ግን ጣት አይደርስም፤ ስለዚህ እንስላለን። የእርስዎን ነርቭ ጭሱ ለዓመታት አስቆጥቶታል። ሌባ ያስመረረው ውሻ ንፋስ ሲያልፍም ይጮህ የለ? እንደዚያ ነው። ያመጡትን የጤና ጣቢያ ውጤትም አይቼዋለሁ፤ ንጹህ ነው። ይህ ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«ወደ ሕፃንስ?»

«ወደ ሕፃንም። መድኃኒቱን ግን ገና አላገኘንለትም።»

ለመጨረሻዋ ነገር ያለምወርቅ ጆሮም አልሰጠቻት።

በነጋታው ዳንግላ ከሚኒባስ ወርዳ ጋሪ ተሳፈረች። ስጋቱ መንገዱን ሁሉ አብሯት ነበር። ያቺ ተመራማሪ ብትሳሳትስ? ቃሉን የሳተች ነርቩንም ብትስትስ? ቤት ስትደርስ ግን ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ነርቭ ነው ተብያለሁ፤ አይተላለፍም። በይ አምጫት» አለች።

ዋጋዬ የልጇን ልብስ ደጋግማ አስተካከለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ሃናን አቀበለቻት።

ሕፃኗ ከበደቻት። ያለምወርቅ ይህን ያህል ትከብዳለች ብላ አላሰበችም፤ ደስ ብሏት ሳቀች። ሳቋ ደግሞ ሳሏን ጠራው። ፊቷን አዙራ ደጋግማ ሳለች። ቀና ስትል የዋጋዬ ሁለት እጆች የሕፃኗን ብብት ይዘው አገኘቻቸው።

«እማ፣ እኔ እኮ...» አለች ዋጋዬ።

ያለምወርቅ ነገሩ አሁን ገባት። ሰባት ወር ሙሉ «ግቢና እቀፊያት» ስትባል የኖረችው እንደማትገባ ስለታወቀ ነው። ልጇን አልወቀሰቻትም፤ በእሷ ቦታ ብትሆን ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ቢሆንም ከፋት። ሁልጊዜ ወደ ኋላ የምትለው እሷ ነበረች፤ ዛሬ አላለችም።

«ልቀቂያት» አለች ዝግ ብላ። «አንቺም ፍሪ፣ እኔም እፈራለሁ። እንደፈራን እንቀመጥ።»

ዋጋዬ እጆቿን ሰበሰበች። ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ግን ከልጇ ፊት አልነቀለችም።