ያልተገለበጠው አፈር

ያን ቀን ከቤታችን ጀርባ የቆምነው አምስት ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ ደረጀ፣ የአራት ዓመት ልጃችን ሶስና፣ ሁሉን ነገር የሚያውቁት ጋሼ ታደለ እና አፈር ጭኖ የመጣ አንድ አበሻ ሾፌር። ጊዜው የ2021 ጸደይ ነው፤ ቦታው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በግሮቭ ሲቲ በኩል። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው በሾፌሩ ምክንያት ነው።

ከቤታችን ጀርባ ክረምት ከበጋ ውሃ የማይጠፋበት ረግረግ አለ። ፊላ በቅሎበታል፤ ውሃው ቀስ እያለ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጅረት ውስጥ ይገባል። ሶስና እንቁራሪት ልትይዝ ወደዚያ በሮጠች ቁጥር እኔ ሞቼ እነሣለሁ። "ይታጠር" አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ "ይታጠር" አልኩ።

ከባለቤቴ ጋር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የሚሠሩት ጋሼ ታደለ ግን የተሻለ መላ ነበራቸው፤ በአፈር ይደፈን።

"ፈቃድ አያስፈልገውም?" ብዬ ጠየቅኩ።

"በገዛ ግቢሽ የማን ፈቃድ? አልማዝ፣ አንቺ እኮ ሻይ ለማፍላትም ፐርሚት ትጠይቂያለሽ" አሉኝ።

ባለቤቴ ሳቀ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ከጋሼ ታደለ ጋር አትከራከርም።

ገልባጭ መኪናው ሲገባ ግን ልማዴን አልተውኩም። በሩ ላይ የተጻፈውን የድርጅቱን ስልክ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ። ግቢዬ የገባ መኪና ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ምን ይታወቃል።

ሾፌሩ ወጣት ነው። ወርዶ ፊላውን በእግሩ ገፋ አደረገ፤ ውሃውን ተከትሎ እስከ መንገዱ ሄዶ ተመለሰ።

"እትዬ፣ ፐርሚት አላችሁ?" አለኝ። ሁለት ወንዶች አጠገቤ ቆመው እኔን ጠየቀ።

"ከሲቲው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ?" አለ ባለቤቴ።

"እንዲህ ወደ ጅረት የሚፈስ ረግረግ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። ፈቃዱን የሚሰጡት የሠራዊቱ መሐንዲሶች ናቸው።"

"እንቁራሪቶቹ ለውትድርና ተመዝግበው ነው እንዴ?" አሉ ጋሼ ታደለ።

"ይሳቁ ጋሼ። አምና እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደፋሁ። ባለቤቶቹን አፈሩን መልሳችሁ አውጡ አሏቸው፤ ቤታቸውን እስከ መሸጥ ደረሱ።" ከዚያ ሶስናን አየት አደረገና "ለልጅቷ ከሆነ ከውሃው ወዲህ አጥር ይበቃል" አለ።

ባለቤቴ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። አጥር። ይህን የመሰለ ሐሳብ እስከዚያ ቀን ማንም አላሰበውም ነበር።

ሾፌሩ አፈሩን እንደጫነ ተመልሶ ሄደ። ጋሼ ታደለ ተናደዱ። "ይሄ ልጅ እኛን ሊያስተምር! አልማዝ፣ ቁጥር ይዘሻል አይደል?"

ይዣለሁ እንጂ፤ እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ደብተሬን ሰጠኋቸው። ወዲያው ለድርጅቱ ደውለው ኮምፕሌይን አደረጉ፤ ልጁን ከሰሱት። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም "ሰደበን" ማለታቸው ገባኝ። አልሰደበንም። ደብተሬን ተቀብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

በዚያው በጋ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤት ረግረጉን በራሱ በኩል ደፈነ። ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ደብዳቤ መጣበት። ቅጠል ሲረግፍ ያስደፋውን አፈር በማሽን ሲያስወጣ ሁላችንም ከመስኮት አየን። ጋሼ ታደለ "እኔ ድሮም ብያለሁ" አሉ።

እነሱ ወሬ ሲይዙ ደብተሬን አውጥቼ ደወልኩ። ልጁን ላመሰግነው፣ ይቅርታም ልጠይቀው ነበር። በጸደይ አፈር ይዞልን የመጣውን አበሻ ሾፌር ብላት፣ ስልኩን ያነሣችው ሴት እዚህ አይሠራም አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ብላት፣ ከጸደይ ጀምሮ አለች።

አጥሩን ባለቤቴ በአንድ ቅዳሜ ጨረሰው። ሶስና በአጥሩ ቀዳዳ እንቁራሪቶቹን ታያለች፤ እኔም ቤቴ ውስጥ አለሁ። የመኪና ቁጥር አሁንም እጽፋለሁ፤ ደብተሩን ግን ለማንም አልሰጥም።

ያ ሁሉ ቁጥር ያለበት ደብተር የሾፌሩ ስም የለውም። ከአምስታችን ማንነቱን ያልጠየቅነው እሱን ብቻ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ነው። የት እንዳለና ሥራ አግኝቶ እንደሆነ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።